ባለ ፌንጣው

ድሬዳዋ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ባለ ፌንጣው» ካላችሁ ግን ከመጋላ እስከ መልካ ጀብዱ ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሱቄ በር ላይ ያወርዳችኋል። ፌንጣዋ ሄሊኮፕተር ናት። አራት ሰው የምታስቀምጥ፣ በቤንዚን ሞተር የምትሠራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባችና ሆዷ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት። የእኔ ናት። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እኔ የጭነት መኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ሱቁን የተወልኝ አባቴ ነው። ጅቡቲ የሚመላለሱ መኪኖችም አሉኝ፤ ጦሜን አድሬ አላውቅም። ቢሆንም ሄሊኮፕተር የሚገዛ ሰው አልነበርኩም። ሄሊኮፕተር ያስገዛኝ በርጫ ነው።

የድሬን በርጫ ለማያውቅ ላስረዳ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሰውን ከመንገድ ሲያባርር ከተማው ሱቁን ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል። ምርቃናው ሲመጣ ደሃ የሚባል ሰው ክፍሉ ውስጥ አይገኝም። ስንት ሆቴል፣ ስንት ፋብሪካ እዚያ ፍራሽ ላይ ተሠርቷል! ደንቡ ግን የታወቀ ነው፤ በምርቃና የታቀደው ሁሉ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ይፈርሳል። በማግስቱ «ያ ያልከው ነገር የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ነውር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ደላላ ጓደኛችን ስልኩን ዘረጋልን።

«አቦ ይህችን ተመልከቱ! ናይሮቢ ነው ያለችው። ያገለገለች ናት፤ ግን ብዙም አልበረረችም። ባለቤቱ ስላረጀ ነው የሚሸጣት።»

«አራት ወንበር ናት። እኛም አራት ነን» አለ ጨርቅ ነጋዴው ጓደኛችን።

«ወላሂ ለእኛ የተሠራች ናት!» አለ ደላላው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያች ሄሊኮፕተር ያልሠራነው ሥራ የለም። ቱሪስት አመላለስን፣ በሽተኛ ከተራራ አወረድን፣ ሙሽራ አጀብን። አዛን ሲል ጓደኞቼ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ገራባውን፣ የጫቱን ትራፊ፣ ጥለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ለእነሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ አፌ ከጫት ጠርቶ፣ ናይሮቢ ደወልኩ። በምርቃና የተባለውን ጠዋት ላይ ያመነ ሰው በድሬ ታሪክ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ አያኮራም። ዕድሜዬን ሙሉ የአባቴ ሱቅ ጠባቂ ነበርኩ፤ ሰዉም ሰላም የሚለኝ በአባቴ ስም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሰው አንጋጦ እንዲያየኝ ፈለግሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ናይሮቢ ሄጄ ያየኋት እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ሌላ ማየት አላውቅማ! ሥሯ ተጋድሜ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆነ ፈለግሁ። ጉዳቷን ለመሸፈን ስቱኮ ተለስና እንደሆነ ብዬ ጎኗን በጣቴ እየቆረቆርኩ አዳመጥኩ። «ሞተሩ ለጥገና ተከፍቷል?» አልኩ። ሻጩ የአበባ እርሻ ያለው ሽማግሌ ነበር፤ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እኔ ደግሞ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከመኪኖቼ አንዱንና ከአባቴ የወረስኩትን ቦታ ሸጬ ገዛኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ያኔ ግን መሮጡን እንጂ መፈታቱን ማን አሰበ።

ድሬ ድረስ ያመጣት ጡረታ የወጣ ፓይለት ነው። ካፒቴን እንለዋለን። ቁመተ ረጅም፣ ነጭናጫ፣ ሙቀት የማይችልና ቀኑን ሙሉ ጁስ የሚጠጣ ሰው ነው። መልካ ጀብዱ ዳር ቆርቆሮ መጠለያ ሠርተንላት እንደገባች፣ ካፒቴኑ ነገሩን በግልጽ ነገረኝ።

«ይህች የምትንጠለጠለው አየር ላይ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከፍታ ላይም ይሳሳል። በድሬ ቀትር አራት ሰው ጭና አትነሳም። ተራራው ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። እሷ የጠዋት ናት። ደግሞ ቆማም ዕድሜዋ ይቆጠራል፤ በረረችም አልበረረችም ጊዜው ሲደርስ ሞተሯ ተፈትቶ መታደስ አለበት።»

ሳቅኩ። «እንግዲህ የድሬ ልጅ ናት ማለት ነው! ቀትር ላይ ከኛስ ማን ይሠራል?» አልኩት። ይህችን ቀልድ በርጫ ላይም ደጋግሜ አወራኋት፤ ደጋግመውም ሳቁልኝ። ጨርቅ ነጋዴው ጓደኛዬ አንድ ጠዋት ተሳፍሮ ሸሚዙ ላይ አስመልሶ ወረደ፤ እሱም ተሳቀበት። ባጃጅ ነጂዎቹ በእግሬ ስሄድ ባዩኝ ቁጥር «አቦ ምነው ዛሬ በእግር?» ይሉኝ ጀመር። እሱንም ወደድኩት። ሰው እያየኝ ነበራ!

ይህን ቀልድ ያልነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቴ ያገባችው አስተማሪ ነው። የሚኖሩትም ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ የመኪና መንገድ የማይደርስበት ቀበሌ ነው። ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። በኛ ዘንድ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሆዷ ገፋ ሲል ተይዛ ትመጣለች፤ እናቷ ታዋልዳታለች፣ ታርሳታለች፣ አርባዋ ሲያልቅ ትመልሳታለች። እናቴ ለዚህ ቀን የኋላውን ክፍል ኖራ አስቀብታለች። ጎረቤት ከሐጅ ያመጣላትን ተምርም በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ አኑራለች። ተምሩን አላምጣ የሕፃኑን ላንቃ የምትነካው እሷ ናት። የመጀመሪያው ጣዕም ከአያት ነው።

«በጊዜ በበቅሎ አስፋልቱ ድረስ ትውረድና በመኪና አምጣልኝ» አለችኝ።

«እማ፣ እርጉዝ በቅሎ ላይ አስቀምጠሽ ልታንገላቻት ነው? እኔ እያለሁ? በአየር አስር ደቂቃ ነው።»

«ልጄ፣ ምጥ ቀጠሮ አያከብርም።»

«አስር ደቂቃ ነው አልኩሽ እኮ!»

አየችኝና ፈገግ አለች። አመነችኝ። በማግስቱ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ እህቱን በአየር ሊያመጣልኝ ነው» ስትል ሰማኋት። ደስታዋን ሳይ እኔም ራሴን አመንኩ።

እህቴ ለመምጣት ከተዘጋጀች ቆይታለች። ካፒቴኑም «ነገ ጠዋት እንሂድ፤ እሷን ብቻ ጭነን ቶሎ እንመለስ» አለኝ። እኔ ግን አረፋ እስኪደርስ ይቆይ አልኩ። የአረፋ ጠዋት የድሬ ሰው በአዲስ ልብሱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይሰግዳል። ሰላት አልቆ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ ሲመለስ፣ በላዩ እህቴን ይዤ ሳልፍ ታየኝ። ሰዉ ሁሉ ሲያንጋጥጥ ታየኝ። እህቴ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ባንዲራ ነበር የታየችኝ።

ለባሏ አባት ደወልኩ። የተከበሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። «ሰፊ፣ ሜዳ የሆነ፣ ዛፍ የሌለው ቦታ አዘጋጁልኝ። ጠርገው ዳር ዳሩን ድንጋይ ይደርድሩና ኖራ ይቀቡት፤ ከላይ እንዲታየን» አልኳቸው። ትእዛዝ ነበር የሚመስለው። «እሺ ኢልማ ኮ» አሉ፤ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። ያ ሜዳ ምን እንዳለበት ግን አልጠየቅኳቸውም።

የአረፋ ዋዜማ፣ ልክ በቀትር፣ የእህቴ ባል ደወለ።

«ምጥ ጀመራት።»

«አታስቡ! መጣን!» አልኩት። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እናቴ ለነገ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ተምሯን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች። መልካ ጀብዱ ስንደርስ ሰማዩ ነጭ ነበር፤ የመጠለያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ካፒቴኑ ፀሐዩን አይቶ እኔን አየኝ። ለማግስቱ ጠዋት የተፈቀደልን በረራ ለዛሬ እንዲዞርልን ወደ ኤርፖርቱ ደወለና ሴት በምጥ ተይዛለች አለ። ሰዎቹ ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። ያን ቀን የከለከለን ሰው የለም።

እናቴን ከኋላ አስቀመጥናት፤ ቀበቶዋን እኔው አሰርኩላት። ሞተሩ ተነሳ፣ አቧራው ተነሳ፣ ሄሊኮፕተሯም ተነሳች ሲባል ተንቀጠቀጠችና መልሳ ተቀመጠች። ካፒቴኑ በእጁ «ውረድ» አለኝ። ወረድኩ። ቀለል ሲላት እውነትም ከመሬት ከፍ አለች። ጥቂት አንዣበበችና መልሶ አሳረፋት። አጠገቡ ሄድኩ።

«ለምን አትሄድም?» ብዬ ጮህኩበት።

«እሄዳለሁ። ተራራው ላይ ካረፍኩ በኋላ ግን በዚህ ሙቀት እህትህን ጭኜ አልነሳም። ብነሳም ገደል ነው የምከታት። ነግሬህ ነበር። ፀሐዩ እስኪበርድ እንጠብቅ።»

ነግሮኝ ነበር። ቀልድ አድርጌው ነበር እንጂ ነግሮኝ ነበር።

ሞተሩን አጠፋው። ክንፏ እየተንቀራፈፈ ቆመ። የኋላውን በር ስከፍት እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ናት። ላቧ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። ጸጥታው ሲሰማት ዓይኗን ገለጠች።

«ደረስን?» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እማ፣ ውረጂ» አልኳት። ዙሪያዋን አየች። ቆርቆሮው መጠለያ እዚያው ነው፣ መኪናችንም እዚያው። አልተቆጣችኝም። ቀበቶውን መፍታት አቅቷት ስትታገል እጄን ዘርግቼ ፈታሁላት። ተምሩን ደረቷ ላይ ይዛ ወረደች።

ፀሐዩ እስኪበርድ ሳንጠብቅ በመኪና ወጣን። ዳገቱን አስፋልት ጨርሰን፣ ኮረኮንቹን ተያይዘን፣ መንገዱ የሚያልቅበት ስንደርስ ፀሐዩ ዘቅዝቋል። እዚያ ካለች አንዲት ጎጆ በር ላይ የመንደሩ ወንዶች ቆመዋል፤ አጠገባቸው በሁለት እንጨት የታሰረ አልጋ አለ። በአልጋው ተሸክመዋት ሲወርዱ መንገድ ላይ ጠንቶባት፣ የማናውቃት ሴት ቤት አግብተዋት ወልዳለች። እህቴ በሕይወት አለች። ሴት ልጅ ናት፤ እሷም አለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ባለቤቲቱ እትብቱን ቆርጣ፣ ሕፃኗን አጥባ በራሷ ሻሽ ጠቅልላታለች። እናቴ ቋጠሮዋን ስትፈታ ሴትየዋ አየቻትና አንገቷን ደፋች።

«እኔ ስኳር በጥብጬ አቀመስኳት። ተምር አልነበረኝም። ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለች።

እናቴ የሴትየዋን እጅ ስማ ተምሩን ከነጨርቁ እጇ ላይ አኖረችላት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የሰው እናት የእናቴን ሥራ ሠርታ ይቅርታ ስትጠይቅ ቆሜ ሰማሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ዝም አልኩ።

እህቴ ከመደቡ ላይ አየችኝ። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። «አቦ ምነው ዛሬ በእግር?» አለችኝና ሳቀች። ልታጽናናኝ ነው። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ባሏን «ለምን በጊዜ አልወረዳችሁም?» ብዬ ጠየቅኩት። መሬት መሬት አየ። እህቴ ከውስጥ «እኔ ነኝ ሰዓቱ የጠፋብኝ» አለች። ያኔ መመራመር አልፈለግኩም፤ ተቀበልኳት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ነገሩን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ሙቀት ነበር» ትላለች፤ በዚያው ትዘጋዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሄሊኮፕተሯን ለመሸጥ ሞከርኩ፤ ፈላጊ የለም። ደላላ ጓደኛዬን «አንተ ነህ ያመጣሃት፣ አንተው ሽጥልኝ» አልኩት። በጣም ተገረመ። «አቦ በምርቃና ነበር እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። መልካ ጀብዱ ላይ ቆማለች፤ ካፒቴኑ እንዳለው ቆማም ዕድሜዋ ይቆጠራል።

ዘንድሮ ለአረፋ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ በእግሬ ተራራውን ወጣሁ። ልጅቷ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ሽማግሌው፣ የባሏ አባት፣ እጄን ይዘው «ና፣ ላሳይህ» ብለው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ።

በየማሳው ማሽላው ጉልበት ደርሷል። መሐል ላይ ግን አንድ ሰፊ መሬት ባዶ ነው። አንድ አረም የለበትም፤ ተጠርጓል። ዳር ዳሩ ድንጋይ ተደርድሮ ኖራ ተቀብቷል። ኖራው አዲስ ነው።

«ይህ የማን መሬት ነው?» አልኩ።

«የእኛ ነው። ሌላ ሜዳ የለማ። ያን ጊዜ ስትደውል ማሽላው እዚህ ደርሶ ነበር» ብለው ጉልበታቸውን ነኩ። «አጨድነው። ለከብት ሰጠነው። ምጡ ሲመጣ እህትህን እዚህ አመጣናት። ሴቶቹ በነጠላ ጥላ ያዙላት። ‹መጣን› ብለሃል፤ ሰማይ ሰማይ አየን። ፀሐይ ሲዞር ‹እንሸከማት› አልኩ። እሷ ‹አይሆንም፣ ወንድሜ ይመጣል› አለች። ከዚያ በኋላ ነው የወረድነው።»

ምንም ወቀሳ አልነበረበትም አነጋገራቸው። የሆነውን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን እህቴ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ምጥ፣ አልጋ ላይ ተጋድማ ሰማዩን ስታይ ታየችኝ። ሰው ሁሉ እንዲያንጋጥጥ ፈልጌ ነበር፤ አንጋጠውልኛል።

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን አልዘራችሁበትም?»

«አንተ ስትመጣ ታርፍበት ብለን ነዋ። እሷም ደግማ አርግዛለች» አሉኝ። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። «ሸጥካት እንዴ?»

«አልሸጥኳትም።»

«እንግዲያ ይቆይ።»

በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ምላሴ ላይም መጥታ ነበር። አቃተኝ። «አባባ፣ አትመጣም። ያኔም መምጣት አትችልም ነበር። አውቅ ነበር፤ አልነገርኳችሁም። መሬታችሁን ዝሩት። እህቴንም ዛሬውኑ ይዣት ልውረድ፤ በበቅሎ» አልኳቸው።

ሜዳውን አዩት፣ ጎን ለጎን ያሉትን አረንጓዴ ማሳዎች አዩ።

«ዘንድሮስ አለፈን» አሉ በመጨረሻ። «የዘር ጊዜው ሄደ።»

ከዚያ እንዳላፍር ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ምሳ ቀረበ፤ የማሽላ ቂጣ በወተት። እህቴ ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ቂጣውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ሽማግሌው «ብላ፣ ኢልማ ኮ» እያሉ ገፋ ገፋ አደረጉልኝ። ጎተራው ባዶ መሆኑን ስገባ አይቼ ነበር። ማሽላው ከገበያ የተገዛ ነው።